ደብዛዛው ካሜራ

ሰውየው ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በስቷል። የሸሚዙ ኮሌታ ለአንገቱ ሰፍቶታል። ከመደርደሪያው ያነሳው ላፕቶፕ ብርማና ቀጭን ነው፤ ዋጋው መካከለኛ። ቁልፎቹን ነካካ። ከዚያ ካሜራውን አስከፍቶ ፊቱን በግራም በቀኝም አየ።

ሻጯ አልዋሸችም።

"ስክሪኑ ግሩም ነው ጋሼ፤ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ድምፁ ትንሽ ደከም ይላል። ካሜራውማ አይወራ! እኔን እንኳ እህቴ አላወቀችኝም።"

"እናቴን የማገኛት በቪዲዮ ነው" አላት።

"እንግዲያው ይቅርብዎት። ያኛው ጥርት አድርጎ ያሳያል።"

"የስልኬም ጥርት አድርጎ ያሳያል። ባለፈው እሁድ 'ልጄ፣ ምን ነክቶህ ነው እንዲህ የከሳኸው?' ብላ ስታለቅስ ዋለች። አሁን ስልኬ ተበላሽቷል ብያታለሁ።"

ከኪሱ የሆስፒታል ቀጠሮ ካርድ አወጣ፤ ቀኑን አይቶ መለሰው።

"መስኮት ፊት ለፊት ብቀመጥስ፣ ያኔም ያደበዝዛል?"

ሻጯ ካርዱ የገባበትን ኪስ አየች። ከዚያ ላፕቶፑን ራሷ ወደ መስኮቱ አዞረችው።

"ፊትዎን አይደለም፣ ጀርባዎን ለመስኮቱ ይስጡ" አለችው። "ያኔ መክሳትዎ ጭራሽ አይለይም።"