ማንም አልሞተም ብዬ የዞርኩበት ክረምት

እኛ ቤት ክረምት የሚገባው በዝናብ አልነበረም። በወንድሜ ሻንጣ ነበር። እጃጂ በምትባል ከተማ አስተማሪ ስለነበረ ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንድ ሻንጣና በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ አምቦ ይገባል። ሻንጣው የእናቴ ድርሻ ነው፤ የሚታጠብ ልብስ። ወረቀቱ የክበቡ ነው፤ ቲያትር።

ክበቡ ማለት ስምንት ሰው ነው። ሊቀመንበሩ ባጃጅ ይነዳል። አንዷ ፀጉር ቤት ትሠራለች። የቀሩት ለክረምት ወደየቤታቸው የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ሐምሌንና ነሐሴን በቀበሌው አዳራሽ ይለማመዱና ጳጉሜ ላይ ለከተማው ሰው ያሳያሉ።

አዳራሹ ኮርኒስ የለውም፤ ቆርቆሮ ብቻ ነው። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድበት አጠገብህ ያለ ሰው ቢጮህ አይሰማህም። ስለዚህ ወንድሜ አንድ ሕግ አወጣ። ዝናብ ሲመጣ ድምፅ ይቆማል እንጂ ሥራ አይቆምም። ሁሉም ቃሉን በከንፈሩ ብቻ እያለ፣ እጁን እያወራጨ ይቀጥላል። ሲያባራ የደረሱበት ላይ ድምፅ ይመለሳል። በበሩ ያለፈ ሰው ያበዱ ይመስለዋል።

ያን ዓመት የጻፈው ስለ አንድ የዕድር ጡሩምባ ነፊ ነው። ሰውየው አንዲት ልጅ ይወዳል፤ ደፍሮ ግን አያናግራትም። ስለዚህ ሰው በሞተ ቁጥር ጥሪውን የሚጀምረው ከእሷ በር ነው። የሚሞት ሲጠፋ ለስብሰባ ይነፋል። ስብሰባ ሲጠፋ ለጠፋ በግ ይነፋል። በእኛ ሰፈር ጡሩምባ ለሞት ብቻ ስለሚነፋ ሳቁ ያለው እዚያ ላይ ነው። የልጅቷ አባት፣ “ይህ ሰፈር አለቀ እኮ!” ብሎ ቤቱን ሊሸጥ ይነሳል። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ነው፤ እንደ ሰፈራችን ወሬ። ጡሩምባ ነፊውን ሊሠራ ያሰበው ወንድሜ ራሱ ነበር።

በግንቦት፣ ለሁለት ቀን ወደ እኛ ሲመጣ፣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ጌዶ ሳይደርስ ተገለበጠ።

ስለዚያ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ጡሩምባውን ግን አስታውሳለሁ። ማለዳ ነበር። እውነተኛው የሰፈራችን ጡሩምባ ነፊ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ በራችን ላይ ቆመው ነፉ። ከዚያ የወንድሜን ስም ከነአባቱ ጠሩ፤ የቀብሩን ሰዓት ተናገሩ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ። ሁለት ጊዜ የሞተ መሰለኝ።

አላለቀስኩም። በቀብሩም፣ በድንኳኑም አላለቀስኩም። አክስቴ፣ “ልጁ ደንዝዟል፣ ውሃ ርጩት” አለች። ረጩኝ። በረደኝ። ሌላ ነገር አልተሰማኝም። በሰኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈተንኩ። ምን እንደጻፍኩ አላውቅም።

እናቴ ጥቁር ለበሰች። ሬዲዮኑ ላይ ጨርቅ ጣለችበት። ዓመቱ እስኪወጣ ዘፈን የሚባል ነገር በዚህ ቤት እንደማይሰማ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም መናገር አላስፈለገውም። የወንድሜ ኮት ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ማንም አይነካውም።

አርባው ካለፈ በኋላ ሊቀመንበሩ ባጃጁን ከበራችን ራቅ አድርጎ አቁሞ ጠራኝ። ወንድሜ በፋሲካ ሰጥቶት የሄደውን ወረቀት ይዟል።

“የዚህን ሰው ጽሑፍ ከአንተ በቀር የሚያነብ የለም” አለኝ። “ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ፋርማሲ ወስደነው ነበር።”

“ፋርማሲ ለምን?”

“የሐኪም ጽሑፍ የሚያነቡ እነሱ አይደሉ? ልጅቷ አየችው፣ አገላበጠችውና ‘ይሄ መድኃኒት የለንም’ አለችን።”

ያስቃል። እንደሚያስቅ ገባኝ። ፊቴ ግን አልተንቀሳቀሰም። እሱም ሳቁን ሰበሰበው።

ላነብላቸው ብቻ ሄድኩ። ተቀምጬ አነበብኩ። በማግስቱ፣ “ካነበብከው አይቀር ቆመህ አንብበው” አሉኝ። ቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ፀጉር ቤት የምትሠራዋ፣ “ከቆምክ አይቀር እየሄድክ በለው” አለች። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ጡሩምባ ነፊው ሆንኩ። እሺም እምቢም ያልኩ አይመስለኝም። አንድ ቀን ኮቱን ከሚስማሩ አወረድኩና በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ማታ መልሼ ሰቀልኩት። እናቴ የት እንደምውል ስትጠይቀኝ ቤተ መጻሕፍት አልኳት። ሐዘን ላይ ያለ ልጅ ቲያትር ይሠራል ብትባል ምን ትሆን እንደነበር አላውቅም። ልወቅም አልፈለግኩም።

ጎበዝ አልነበርኩም። ጥሪውን ስጠራ ድምፄ ከጉሮሮዬ አያልፍም።

“አንተ፣ ሰው ሞተ እኮ ነው የምትለው!” ይለኛል ሊቀመንበሩ። “መብራት ሊጠፋ ነው እያልክ አይደለም።”

“ተወው” ትላለች ፀጉር ቤት የምትሠራዋ። የተወደደችውን ልጅ የምትሠራው እሷ ነች። “በዚህ ድምፅ ከጠራኝ ግን አባቴ ቤቱን አይሸጥም። እኔም አልወጣም።”

ደህና የምሆነው ዝናብ ሲመጣ ነበር። ያኔ ማንም ድምፅ የለውም። ሁላችንም እኩል ነን።

በቡሄ ዋዜማ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በሰፈራችን ዞሩ። ከላይኛው ቤት ሲጨፍሩ ይሰማል። እኛ በር ሲደርሱ ዱላቸውን መሬት መምታት አቁመው፣ በጣቶቻቸው ጫፍ፣ ዝም ብለው አለፉ። ከታችኛው ቤት ሲደርሱ እንደገና ጀመሩ። እናቴ ሽሮ እያማሰለች ነበር። ማንኪያው ለትንሽ ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለች።

ከቡሄ በኋላ ጡሩምባ ነፊው ሽማግሌ የዕድሩን ጡሩምባ አዋሱን። ወንድሜን ይወዱት ነበር። እጄ ላይ ሲያኖሩት፣ “ኢልማ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “ይዘኸው ዙር። ወደ አፍህ አስጠጋው። እንዳትነፋው። ይህ ዕቃ ቀልድ አያውቅም።”

“እሺ አባባ” አልኳቸው።

አንድ ከሰዓት የበጉን ቦታ ስንለማመድ ዝናቡ መጣ። እንደ ሕጉ ድምፃችንን አቆምን። ሊቀመንበሩ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ፀጉር ቤት የምትሠራዋ በሌለ በር ታጮልቃለች። እኔ ኮቱን ለብሼ፣ እጅጌው ጣቶቼን ሸፍኖ፣ ጡሩምባውን ወደ አፌ አስጠጋሁ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ነገር ሰማዩ ሁሉ ነበር። እንዲህ እየጮኸ ማን ይሰማኛል አልኩ። ነፋሁ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። በደንብ ነፋሁ፣ ከሆዴ። እየነፋሁ ሳለ ዝናቡ፣ ቧንቧ እንደተዘጋበት፣ ቀጥ አለ። አምቦ እንዲህ ያደርጋል። ጡሩምባው ግን አልቆመም ነበር። ለብቻው ወጣና ሰፈሩ ላይ ሄደ።

ቀጥሎ የውጪ በሮች ሲከፈቱ ሰማን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው መጡ። አንዷ እጇ ላይ የልብስ ሳሙና አረፋ ነበረባት።

“ኤኙ? ማነው? ማነው የሞተው?” አለች፣ በሁለቱም ቋንቋ።

“ከአዳራሹ ነው የተነፋው” አለ አንድ ሰውዬ። “ቀበሌው ሞቶ እንዳይሆን።”

“ዝም በል አንተ፣ በሞት ይቀለዳል?”

እናቴ መጨረሻ ላይ መጣች። ሰዉ አሳለፋት። መጀመሪያ ያየችው እኔን አይደለም፤ ኮቱን ነው። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ የሆነውን አልጽፈውም። ከዚያ ከኮቱ በላይ ያለውን ፊት አየች። እኔ ነኝ።

“ቤተ መጻሕፍቱ ይሄ ነው?” አለችኝ።

ዞራ ሄደች፤ ነጠላዋን ሳታስተካክል።

ሽማግሌው በጭቃው እየተንሸራተቱ ደረሱ። እጄ ላይ ያለውን ጡሩምባ ነጠቁኝ። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ አልመቱኝም።

“የተነፋ ጡሩምባ ተመልሶ አይገባም” አሉ። “ድንኳን የሚያወጡት መጋዘኑን ከፍተዋል። ሰው ሥራውን ትቶ ልብስ እየቀየረ ነው። ማን ይሆን እያለ ሁሉም የራሱን ሰው እየቆጠረ ነው። አንተ ነፋህ፣ አንተ ትመልሰዋለህ። ና።”

“ምን ብዬ?”

“ማንም አልሞተም በል። በየበሩ።”

ወጣን። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ የክበቡ ልጆች ራቅ ብለው ይከተላሉ። በመጀመሪያው በር፣ “ማንም አልሞተም” አልኩ።

“ይህን የሰማው አጥሩ ብቻ ነው” አሉኝ። “ከሆድህ አውጣው። በኦሮምኛም በል። እኔ በአንድ ቋንቋ ጠርቼ አላውቅም።”

“ማንም አልሞተም! ናምኒ ዱኤ ሂንጂሩ!”

“እንዲያ።”

ዞርን። አንድ አባት፣ “ተመስገን” ብለው በራቸውን ዘጉ። አንዲት ሴትዮ፣ “ታዲያ ይህን ሁሉ ጭቃ ለማን ብዬ ረገጥኩት?” ብላ ጫማዋን አሳየችኝ። አብሮኝ የተፈተነ ልጅ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ፣ “የፈተናዬንም ውጤት እንዲህ ዞረህ አሰርዝልኝ!” አለ። ወደ ወንዙ በሚወርደው ጥግ አንዲት ሴት በር ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘናት። ልጇ ሹፌር ነው፤ የነቀምት መንገድ ላይ ነበር፤ ስልኩን አላነሳላትም። ፊቷ ቆሜ፣ ቀስ ብዬ፣ “እናቴ፣ ማንም አልሞተም” አልኳት። እጄን ይዛ ሳመችው። እጄን መመለስ ከበደኝ።

ከዚያ በኋላ ድምፄ ወጣ። አሥር ይሁን አሥራ አምስት በር፣ አልቆጠርኩም። ጥሪው ልክ ወንድሜ እንደሚፈልገው ሆኖ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ረዘም፣ ወደ ላይ ከፍ ያለ። ከኋላ የሚከተለው ሊቀመንበሩ እንደ ልማዱ አላረመኝም። እሱም እንደሰማው አውቄያለሁ።

እኛ በር ደረስን። ሽማግሌው ቆሙ።

“ይሄን እንለፈው” አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። “ይሄን ቤት እንለፈው፣ ኢልማ ኮ።”

ልናልፍ ነበር። እንደ ቡሄ ልጆች። ግን በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እናቴ ከኋላው ቆማለች።

“ለሁሉም ቤት ብላችሁ የለ?” አለች። “የእኛም ሰፈር ነው። በል።”

አፌን ከፈትኩ። ዝናብ አልነበረም፣ ግን እንደ ዝናብ ጊዜ ከንፈሬ ብቻ ተንቀሳቀሰ። እናቴ ጠበቀች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“ማንም አልሞተም” አልኩ።

“በኦሮምኛውም” አለች።

“ናምኒ ዱኤ ሂንጂሩ።”

በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው። “ግባ፤ እግርህ በጭቃው ረጥቧል” አለች። ለሽማግሌው፣ “አባባ፣ ይግቡ” አለቻቸው። ገና ብዙ በር ይቀረኛል ብለው ብቻቸውን ቀጠሉ። ጥሪያቸው እስከ ወንዙ ድረስ ይሰማ ነበር።

እራት ቀርቦ ተነሣ። ከዚያ፣ “ኮቱን አምጣው” አለች። የምትሰቅለው መስሎኝ ነበር። መርፌና ጥቁር ክር አወጣች።

“እጅጌው ረዝሞብሃል” አለች። “እንዲህ ሆነህ ሰው ፊት አትቆምም።”

የግራውን አጠፈች፣ አስለካችኝ፣ ሰፋች። የቀኙን አጠፈች። እሱን ስትሰፋ አንዴ ብቻ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችውና ወዲያው መለሰችው።

“ጽሑፉ ያስቃል?” አለች።

“ያስቃል።”

“እሱ ያስቅ ነበር” አለች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ዕድሩ ጡሩምባውን ሁለተኛ አላዋሰንም። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጠን አንድ ሠራን፤ ቢነፋም አይጮህም። ጳጉሜ ላይ አሳየን። አዳራሹ ሞላ፤ ሰው ከቤቱ በርጩማ ይዞ መጣ። እናቴ አልመጣችም፤ ዓመት ሳይወጣ መምጣት እንደማትችል አውቃለሁ።

ሰው ገና ከመጀመሪያው ሳቀ። የበጉ ቦታ ላይ ስንደርስ ዝናቡ መጣ። አላቆምንም። ሰውም አልተነሣም፤ ዝም ብለን ስንሠራ ዝም ብሎ አየን። የቆርቆሮውን ጡሩምባ ወደ አፌ አስጠግቼ ወደ ሰዉ ዞርኩ። ሁሉም ይስቃል። አፋቸው ተከፍቷል፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይደገፋል፤ ድምፅ ግን የለም። አንድም። ወንድሜ እዚህ ቦታ ላይ በወረቀቱ ኅዳግ፣ “እዚህ ይስቃሉ፤ ጠብቃቸው” ብሎ ጽፎ ነበር። ጠበቅኳቸው።

ቤት ስገባ እናቴ በረንዳው ላይ ነበረች።

“ሳቁ?” አለች።

“ሳቁ።”

“ሰማሃቸው?”

“ዝናብ ነበር። አየኋቸው።”

ኮቱን ከትከሻዬ ተቀብላ አራገፈችው። ሚስማሩ ላይ አልሰቀለችውም፤ ወንበር ላይ ዘርግታ አኖረችው፣ እንዲደርቅ።

“የቱ ላይ ሳቁ?”

“ብዙ ቦታ ነው።”

“ሁሉንም ንገረኝ” አለችና በርጩማውን ወደ እኔ ገፋችው። “ከመጀመሪያው ጀምር።”

ተቀመጥኩ። አንድ ጡሩምባ ነፊ ነበረ አልኳት። አንዲት ልጅ ይወድ ነበር።