አማካሪዬ አባቴን ጠሩልኝ

ዛሬ የምክር ክፍሉን በር ስከፍት አባቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል።

አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጂንካ ላይ ለወጣቶች ምክር እንዲሰጥ ገንዘብ መድቧል። አማካሪ የተደረጉት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ናቸው። ሦስት ቀን ሰልጥነው የድርጅቱን ኮፍያ ይዘው፣ ሥልጠናውን እዚያው ጥለውት መጡ።

ባለፈው ሳምንት ለአማካሪዬ ለጋሽ ታደሰ በምስጢር ነግሬያቸው ነበር። አባቴ ከትምህርት አስወጥቶኝ ወይጦ ያለውን የአጎቴን ሱቅ እንድጠብቅ ይፈልጋል፤ እኔ መማር ነው የምፈልገው። እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ምከሩኝ አልኳቸው።

"ጋሼ፣ ምስጢር ይጠበቃል ብለውኝ አልነበር?"

"ጠብቄዋለሁ። ከአባትህ በቀር ለማንም አልተነፈስኩም። ደሞ የአንድ ወገን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሽማግሌ የት አይተሃል?"

እኔ እኮ ምክር እንጂ ፍርድ አልጠየቅኩም።

ሸመገሉን። የአባቴን ጉልበት ሳምኩ፣ ተመረቅኩ፣ ቅዳሜ ወይጦ እንድወርድ ተወሰነ። ጋሽ ታደሰ ቅጹ ላይ "የወጣቱ ችግር ተፈትቷል" ብለው ጻፉና አስፈረሙኝ። ለድርጅቱ የሚላክ ፎቶም ተነሳን፤ መሃል ላይ ኮፍያ ያጠለቀው ችግሩ የተፈታለት ልጅ እኔ ነኝ።

እናንተስ ምስጢር ነግራችኋቸው ማንን ጠሩባችሁ? እስከ ቅዳሜ ጻፉልኝ፤ ከዚያ በኋላ ስኳር እየመዘንኩ ነው የማነበው።