ቀጭ ያለው ቁልፍ

አውቶቡሱ ከጋራዡ ወጥቶ የተራራውን መንገድ ከተያያዘው ሩብ ሰዓት ሆኖታል። ዝላትካ እጇን እየታጠበች ነበር። ድንገት ቆመች። ውኃው ይፈሳል፣ ሳሙናው እጇ ላይ ነው። «ዛሬ ጠዋት የቁልፉን መያዣ አላዞርኩትም» አለች ለራሷ።

ዝላትካ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። በሮዶፒ ተራሮች መሀል፣ በስሞልያን ከተማ፣ በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ጎማ ስትፈታና ስታስር ሃያ አራት ዓመቷ። ባሏ የሞተባት ጊዜ የተቀጠረችው ለጽዳት ነበር። ጋሽ ስላፍቾ የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ግን መጥረጊያዋን አቁማ እሳቸው ሥራ ላይ ስታፈጥ አዩና፣ «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ከወለሉ ላይ የለም፤ ነይ ይልቅ ይኼን ያዢ» አሏት። ከዚያን ቀን ወዲህ መጥረጊያ አልነካችም።

ጋሽ ስላፍቾ ያስተማሯት አንድ ነገር ነው። «ዳዶ ከላላ ይወጣል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ቡሎኑን ይበጥሳል። ክንዴ ያውቃል እንዳትዪ። ክንድ ቁርስ ካልበላ ይሰንፋል፣ ከተናደደ ይበረታል።» ልኩን የሚያውቀው ቶርክ ሬንች የሚባለው ቁልፍ ነው። መያዣውን አዙረው የሚፈልጉትን ቁጥር ይሞሉለታል፤ ዳዶው ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል፤ ያኔ እጅን ማንሳት ነው።

ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ አዲሱን ቁልፍ ራሷ ፕሎቭዲፍ ከተማ ወርዳ መረጠች። ሻጩ አንድ የሚያብረቀርቅ አቀረበላት።

«የአውቶቡስ ጎማ ስድስት መቶ ኒውተን ሜትር ነው አይደል ያልሽኝ? ይኼ ልክ እስከ ስድስት መቶ ይሄዳል። ላንቺ የተሰፋ ነው።»

«ጫፉ ላይ እየተንጠራራ የሚሠራ ዕቃ አልፈልግም» አለችው። «ስድስት መቶዬን ሳይጨነቅ የሚይዝ ስጠኝ።»

እስከ ስምንት መቶ የሚሄደውን አወጣላት፤ ከነምስክር ወረቀቱ። ወረቀቱን ገልብጣ አየችና መለሰችለት።

«እዚህ ላይ ያለው የሌላ ቁልፍ ቁጥር ነው።»

«ኧረ እሜቴ፣ ሁሉም እኮ አንድ ፋብሪካ ነው የወጣው!»

«አንተና ወንድምህም ከአንድ እናት ነው የወጣችሁት። በሱ መታወቂያ ትጓዛለህ?»

ሻጩ እየሳቀ ትክክለኛውን ፈልጎ አመጣላት። ያንን ቁልፍ ስድስት ዓመት እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀችው። በየዓመቱ ፕሎቭዲፍ ወስዳ ታስመረምረዋለች። የዛገ ዳዶ አትፈታበትም፤ እሱ የማጥበቂያ ብቻ ነው። ማታ ሥራ ስትጨርስ ቁጥሩን ወደ ታችኛው ልክ መልሳ፣ ውስጡ ያለው ሞላ አርፎ እንዲያድር ሳጥኑ ውስጥ ታስተኛዋለች። ሁልጊዜ ጠዋት ታዲያ መያዣውን እያዞረች እስከ ስድስት መቶ መሙላት አለባት።

ዛሬ ግን አላዞረችም። እህቷን ቀብራ ከሦስት ቀን በኋላ መመለሷ ነው፤ ሌሊቱን በረዶ ጥሏል፤ የሹፌሩ የማኖል አውቶቡስ የበረዶ ጎማ ሳይገጠምለት አይወጣም ተብሎ ሁሉም ይጮህባታል። ቁልፉን ከሳጥኑ አነሳች፣ ቁጥሩ ስድስት መቶ ይላል፣ አጠበቀች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሃያ ዳዶ፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎች።

እጇን ሳታለቃልቅ ሮጠች። ቁልፉን ብርሃን ላይ አውጥታ አገላበጠችው። መያዣው ዙሪያውን ተፍቋል፤ ጉልበት እንዲጨምር ቧንቧ ተሰክቶበት ነበር። ሰው ነክቶታል፤ ነክቶም ሞላውን እንደጨቆነ ትቶት ሄዷል።

የቁልፉን ራስ በሞርሳ ጠፍራ አሰረችው። ከዕቃ መላኪያው ክፍል ሚዛን አስመጥታ አሸዋ በጆንያ መዘነች። ከራሱ አንድ ሜትር ርቆ መያዣው ላይ ስድሳ አንድ ኪሎ ሲንጠለጠል፣ ስድስት መቶ ላይ የተሞላ ቁልፍ ያኔ ነው ቀጭ ማለት ያለበት። በሃምሳ ሁለት ኪሎ ቀጭ አለ። ደግማ ሰቀለች፤ ያው ሃምሳ ሁለት። የጋሽ ስላፍቾን ዘመን አሮጌ ባለመርፌ ቁልፍ አምጥታ ስድሳ አንዱን ኪሎ ሰቀለችበት፤ መርፌው ሄዶ ስድስት መቶ አጠገብ ቆመ። ሚዛኑ አልተሳሳተም ማለት ነው። አውቶቡሱ ዳዶዎቹ በልኩ ሳይጠብቁ ነው የወጣው።

ለማኖል ደወለች፤ አያነሳም። ማኖል መሪ ከያዘ ስልክ አያነሳም፤ እሷ ራሷ ናት በዚህ ስታመሰግነው የኖረችው።

የጋራዡ ኃላፊ ኢንጂነር ካልቼፍ ሻዩን እየጠጣ ሰማት። «ዝላትካ፣ መጀመሪያም ቢሆን ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶው ድጋሚ ይታያል እኮ። ፕሎቭዲፍ ሲደርስ ያጠብቁታል።»

«ፕሎቭዲፍ እስኪደርስ ስንት ገደል አለ?»

«የሞተ ሰው እንዳለ አታስመስዪው እንጂ!»

«የጋራዡን መኪና ቁልፍ ስጠኝ።»

«ሐዘን ላይ ነሽ፤ ትንሽ ብትረጋጊ…»

«ካልቼፍ፣ ቁልፉን!»

ሰጣት። ባለመርፌውን ከኋላ ወንበር ላይ ጥላ ወጣች። መንገዱ ነጭ ነው፤ ጥዱ በረዶውን እየዘረገፈ ይጥላል። በየኩርባው ከገደሉ አፋፍ ላይ የጎማ ዱካ ትፈልጋለች፤ ስታጣ እፎይ ትላለች፤ እፎይታው ግን ከአንዱ ኩርባ እስከ ሌላው እንኳ አያደርሳትም። ቸፔላሬ የምትባለው ትንሽ ከተማ ደርሳ የአውቶቡስ ጣቢያውን ትኬት ቆራጭ በመስኮት ጠየቀቻት።

«አሁን ወጣ! ኧረ ጭራው እንኳ ገና አልጠፋም።»

አልደረሰችበትም። አንድ እንጨት የጫነ ከባድ መኪና መሀል ገብቶ አላሳልፍ አላት፤ ጥሩንባዋን እየነፋች ተከተለችው። ናሬቸን መንደር ስትደርስ ነው ያየችው፤ አውቶቡሱ ከፍል ውኃው ምንጭ አጠገብ ቆሟል፣ ተሳፋሪዎቹ በጠርሙስ ውኃ ይቀዳሉ፣ ማኖል ሲጋራውን ያጨሳል። መኪናዋን አቁማ ባለመርፌውን ይዛ ወረደች።

«ዝላትካ! ምን እግር ጣለሽ?»

ባለመርፌውን ከመጀመሪያው ዳዶ ላይ ሰካችና መርፌው ስድስት መቶ እስኪደርስ ተንጠላጠለችበት። ዳዶው ዞረ። ሁለተኛውም ዞረ። ከሃያው አሥራ ሰባቱ ዞሩ፤ ብዙ አይደለም፣ ትንሽ ትንሽ።

«ልጄ፣ ምን ተበላሽቶ ነው?» አሉ አንዲት ጠርሙስ ያቀፉ አሮጊት።

«ምንም እናቴ፤ ውኃዎን ይቅዱ።»

«የሐኪም ቀጠሮ አለኝ እኮ!» አለ ሌላው። «ይኼን እዚያው ቤታችሁ አትጨርሱም?»

«ልክ ነህ» አለችው ዝላትካ። «እዚያው መጨረስ ነበረብን።»

ማኖል ሲጋራውን ጥሏል። ዳዶዎቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ችግሩ ያንቺ ቁልፍ ነው?»

«በምን አወቅህ?»

«ቅዳሜ… የተጎታቼ ዳዶ ዝጎ እምቢ አለኝ። አንቺ የለሽም። ቧንቧ ሰክቼበት ፈታሁት። ስድስት መቶ ላይ ሞልቼ ያጠበቅሁትም በሱው ነው። መልሼ አስቀመጥኩት፤ ምንም አልሆነም ብዬ… ቁልፍ ቁልፍ ነው ብዬ ነው፣ ዝላትካ።»

«አርባ አንድ ሰው ጭነሃል» አለችው፣ ተሳፋሪው እንዳይሰማ ዝግ ብላ።

«እኔም አለሁበት።»

«አርባ ሁለት በለው። ለካልቼፍ ማን ይንገረው?»

«እኔ።»

ነገረው። አንድ ወር ከተራራው መንገድ ተነስቶ ከተማ ውስጥ እንዲነዳ ተደረገ። ዝላትካም ለኃላፊው የራሷን አልደበቀችም። «ቁጥሩ ሞልቶ ሳገኘው መጠየቅ ነበረብኝ። ቸኮልኩ» አለችው። ቁልፉን ፕሎቭዲፍ ወሰደችው፤ መርማሪው አስተካክሎ ሦስት ጊዜ ሞከረው፣ ሦስት የተለያየ ልክ ሰጠ። «በዚህ እንዳትሠሪ» አላት። ሌላ መረጠች፤ በዚህኛው ሳጥን ላይ መቆለፊያ አንጠለጠለችበት።

እንቅልፏ ግን አልተመለሰም። ምሳ እየበላች ትነሳና ጋራዡ ድረስ ሄዳ የታሰረ ጎማ ነካክታ ትመጣለች። አውቶቡስ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ ማኖል አንድ ከረጢት ድንች ተሸክሞ ቤቷ መጣ። ከቅጣቱ ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር። ድንቹን ፍቃ፣ በሽንኩርትና በአይብ ጋግራ አቀረበችለት፤ ሁለቱም ብዙ አልበሉም።

«ጎማው ይወጣ ነበር እንዴ?» አላት ሹካውን አስቀምጦ።

«አላውቅም።»

«ይወጣ ነበር ብትዪኝ ይሻለኝ ነበር።»

«እኔም አይወጣም ነበር የሚለኝ ሰው ባገኝ ይሻለኝ ነበር» አለች ዝላትካ። «ብላ እንጂ፤ ይቀዘቅዛል።»