ልጄ ከቀብር የቀረችበት ጨው

የእህቴ ባል በከተማችን በሆመቾ ሲሞት ልጄ ሆሳዕና፣ በምትማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ ምድጃ ላይ ነበረች። ምድጃ ስል የማገዶ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ነው። ሁለት ዓይነት ጨው ቀላቅላ እንደ ውሃ እስኪሆን ታቀልጥና ብረትና ድኝ የተዋሃዱበትን ጥቁር ዱቄት ትጨምርበታለች። በኃይለኛ ሙቀት ለሚሠሩ ባትሪዎች ነው አለችኝ። ዱቄቱ ምን ያህል እንደሚሟሟ ለማወቅ ከቀለጠው እየጨለፈች ትለካለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የገባኝን ነው የምጽፈው።

ደወልኩላት። «አባ፣ አሁን ምድጃውን ካጠፋሁት ጨዉ ይረጋል፤ ዕቃውም ይሰነጠቃል። የለፋሁት ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። ግን አክስቴ…» አለች።

በእኛ አገር አክስቱ ባሏን ስትቀብር ያልታየ ሰው ወሬው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ቢሆንም ድምጿ አሳዘነኝ።

«እሳትሽን ጠብቂ፤ እኔ እሄዳለሁ» አልኳት።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ገና ሳልቀመጥ የሟች ታላቅ ወንድም፣ «ልጅትስ?» አለኝ።

«ጨው እያቀለጠች ነው።»

«ጨው! ለእኛ ብትነግረን ከሱቅ ኩንታል ሙሉ እንገዛላት አልነበር?»

አጠገቡ ያሉት ሳቃቸውን በጋቢ ሸፈኑ። እህቴ ከሴቶቹ መሃል ሆና ሰምታለች፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። የከበደኝ ያ ነው።

በማግስቱ ልጄ ሥራዋን ጨርሳ መጣች። እየጮኸች አልቅሳ አክስቷ እግር ሥር ወደቀች። ለቅሶው በረድ ሲል እህቴ ፊቷን ጠረገችና፣ «ታዲያ፣ ያ የቀረሽበት ነገር ሟሟ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሟሟ፣ አክስቴ።»

«ተመስገን! በከንቱ አልቀረሽም።»

ሴቶቹም «ተመስገን፣ ተመስገን» አሉ። እኛ የምናውቀው ጨው ወጥ ውስጥ ነው፤ ሲሟሟ ደግ ነው።

ልጄ እንደገና ማልቀስ ጀመረች። የአሁኑ ለሟች አልነበረም። «እንዳይሟሟ ነበር የፈለግኩት። ዱቄቱ ከሟሟ በጨዉ ውስጥ አልፎ ወደ ባትሪው ሌላ ጫፍ ይሻገራል፤ ባትሪው ማንም ሳይጠቀምበት ኃይሉ ያልቃል። አዲሱ ቅልቅሌ ይሻላል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ከድሮው ባሰ።»

ባሏን ትናንት የቀበረችው እህቴ የልጄን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ትደባብሳት ጀመር። ከቀረበላት ቆጮም ቆርሳ አጎረሰቻት። እሷ ራሷ እስከዚያ ድረስ እህል አልቀመሰችም ነበር።

«ሌላ ጨው የለም?»

«አለ፤ ቅልቅሉን መቀየር ነው። ግን የምድጃው ተራዬ በዚህ ሳምንት ያልቃል።»

«እንግዲያ ነገ ሂጂ።»

«ሰዉ ምን ይላል?»

«የሚለውን እኔ እሰማለሁ። አንቺ ለባሌ አልቅሰሻል፤ አይቻለሁ።» ወደ እኔም ዞራ፣ «ጋሼ፣ በጠዋት መኪና ፈልግላት» አለችኝ።

የሟች ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምን መኪና ያስፈልጋል» አለ። «በሞተር እኔ አደርሳታለሁ።»