የእትዬ ቴክላ የአየር ቀዳዳ

ባሌ ሉድቪክ ጥቁር ልብሱን ለብሶ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ብቅ ሲል የታርኑፍ ሰው ሁሉ የልብሱን ቁልፍ ይጨብጣል። መኪና የሚነዳው ሳይቀር በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው የኮቱን ቁልፍ ይዞ ነው የሚያልፈው። የጭስ ማውጫ ጠራጊ አይቶ ቁልፍ የያዘ ዕድል ይገጥመዋል ይላሉ። ደፋሮቹማ የራሳቸውን ትተው የሱን ይጎትታሉ። እነዚያ የሚያብረቀርቁ ቁልፎች ስንቴ ተበጥሰው ስንቴ እንደተሰፉ የምናውቀው እኔና መርፌዬ ነን። እጃቸው ይሰበርና!

ዕድሉን ይፈልጉታል፤ ምርመራውን ግን ማንም አይፈልገውም። ብርድ ከመግባቱ በፊት ቤት ለቤት ይዞራል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ብረት ኳስና ብሩሽ በገመድ አስሮ በጭስ ማውጫው ቁልቁል ይሰዳል፤ ወፎች የሠሩትን ጎጆ ያወርዳል። ከዚያ ቤት ይገባና ኮርኒሱ ሥር ካለችው የአየር ቀዳዳ ፊት ሻማ ይለኩሳል። ነበልባሉ ወደ ቀዳዳዋ ከተሳበ ቤቱ ይተነፍሳል ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን የከሰሉ መርዝ እዚያው ይቀራል። ሽታ የለው፣ መልክ የለው፤ ምድጃ አንድዶ የተኛ በዚያው ይቀራል።

"ጋሽ ሉድቪክ፣ አታካብድ እንጂ! ፈርምና ሂድ። አምና ደህና አልነበር?" ይሉታል።

"አምና አንተም ጥርስ ነበረህ" ይላቸዋል።

ይስቃሉ። ገና ደረጃውን ሳይጨርስ ቀዳዳዋን በጨርቅ ይወትፏታል። ብርድ ታስገባለቻ! እንዲህ ሲል ሲለፋ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላው።

ከሁሉ የባሱት ደግሞ የገዛ እህቱ፣ እትዬ ቴክላ ነበሩ። እናታቸው ስትሞት ሉድቪክ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አጥበው፣ አብልተው፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቁት እሳቸው ናቸው፤ ለሱ ሲሉም ሳያገቡ ቀሩ። ሰባ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ከከሰል ምድጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ቀኝ ትከሻቸው ስለተያዘ እጃቸው ከጆሯቸው በላይ አይወጣም። እንደዚያም ሆነው ጨርቁን በመጥረጊያ እንጨት እየገፉ ይወትፉታል።

በመኸሩ ምርመራ እኔም አብሬው ሄጄ ነበር፤ ሉድቪክ አሮጌ ሹራብ ከቀዳዳዋ መዞ አወጣ።

"ቴክላ! አሁንም?"

"ማጅራቴን እኮ ነው የምትነፋኝ! አንተ ምን አለብህ፣ ስብህ ያሞቅሃል።"

"ማጅራትሽ ይብረደው። ሞቆሽ ከምትሞቺ በርዶሽ ኑሪልኝ። ከአንቺ ሌላ እናት የለኝም። በማርያም ማይልኝ።"

"በማርያም! ሁለተኛ ጨርቅ አልወትፍም። በቃህ?"

ሻማውን ለኮሰ፤ ነበልባሉ ወደ ቀዳዳዋ ተሳበ። ፈረመ። ወደ ቤት ስንመለስ ልጅ ሆኖ ነበር፤ ያፏጫል። እትዬ ቴክላም ቃላቸውን ጠበቁ፤ ከዚያ ወዲህ ጨርቅ አልነኩም።

በታኅሣሥ ጠራጊዎቹ ለየቤቱ ካላንደር ያድላሉ፤ እሱም የዕድል ነገር ነው። የዚያ ዓመቱ ላይ ማኅበራቸው ያወጣው የሉድቪክን ፎቶ ነበር፤ መሰላሉን ተሸክሞ፣ ጥርሱ ብቻ ነጥቶ ይስቃል። እሱ ሥራ ላይ ስለነበር ለእትዬ ቴክላ ካላንደሩንና የገናውን ኬክ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ፎቶውን ደጋግመው ሳሙት። "ልጄን አየሽልኝ? ልጄን!" እያሉ አለቀሱ።

በጥር ብርዱ ጠና። የባልዲ ውሃ ደጅ ላይ ድንጋይ የሚሆንበት ብርድ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሉድቪክ በዚያ ሲያልፍ መጋረጃቸው አልተገለጠም። አንኳኳ፤ መልስ የለም። በያዘው ቁልፍ ከፍቶ ገባ።

ጠርተውኝ ስደርስ መስኮቱ ሁሉ ተበርግዷል። እትዬ ቴክላ አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ጉንጫቸው ቀልቶ በደህና የተኙ ይመስላሉ። ወይኔ፣ ወይኔ! ሉድቪክ ክፍሉ መሀል ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ካላንደሩ የአየር ቀዳዳዋ ላይ ተሰቅሏል፤ ድፍን አድርጎ ሸፍኗታል። የራሱ ፎቶ ነው እየሳቀ የሚያየው።

"በእኔ ፎቶ" አለ። "ሳቢና፣ በእኔ ፎቶ ታፍና ሞተች።"

ቀብሩ ላይ አንዱ ጎረቤት "እግዚአብሔር ያጽናህ" እያለ በቀኙ ሉድቪክን ጨበጠው፤ ግራ እጁ የራሱ ኮት ቁልፍ ላይ ነበር። እኔ ያን እጅ በጥፊ መታሁት። "አታፍርም? ምን ዓይነት ዕድል አየህበት?" ብዬ ጮህኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሉድቪክ ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ላይ አልወጣም። መሰላሉ ጓሮ ቆሞ ዝናብ ይመታዋል። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ሾርባው ፊቱ ላይ ይቀዘቅዛል። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀኛል።

"በዚያ ትከሻዋ እንዴት አድርጋ ሰቀለችው?"

"ወንበር ላይ ወጥተው ይሆናል" እለዋለሁ።

"እያመማት" ይላል። "እኔን ልታይ ብላ፣ እያመማት።" ከዚያ ያለቅሳል።

ወንበር ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። "ሳቢናዬ፣ ከአልጋዬ ሆኜ እንዳየው ከፍ አድርገሽ ስቀይልኝ" አሉኝ። ከፍ ብሎ የተገኘው ማንጠልጠያ የቀዳዳዋ ወንፊት ብቻ ነበር፤ የካላንደሩን ክር አሾለክኩበት። ንፋሷ ጣቶቼን ስትነካኝ ተሰምቶኛል። ወረቀቱን ስለቀው ቆመች፤ መቆሟም ተሰምቶኛል። የጠራጊ ሚስት ነኝ እኮ! ግን ኬኩን መቁረስ ነበር የማስበው።

"እፎይ፣ ማጅራቴ ሞቀ" አሉ እትዬ ቴክላ ከታች ሆነው። "እጅሽ ይባረክ ልጄ።"