ውኃ የፈራው ዓሣ

መኪና አጣቢውን ሰፈሩ «ዓሣው» ይለዋል፤ ከማለዳ እስከ ማታ ውኃ ውስጥ ነውና። ውኃ ላይ እንዲያ ጀግና የሆነ ሰው፣ መርፌ ሲያይ ግን ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች።

አንድ ቀን መኪና ሥር የተኛ ውሻ ውኃ ሲረጭበት ብድግ ብሎ የዓሣውን ባት ነከሰና ሮጦ ጠፋ። የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም። ዓሣው ቁስሉን በሳሙና አጠበ፤ ጤና ጣቢያ መሄዱን ግን ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለ ገፋው።

ነገሩን ያመጣችው እህቱ ናት። ሬዲዮ ሰምታ፣ «የእብድ ውሻ በሽታ ጥንት በግሪኮች ስሙ ሃይድሮፎቢያ ነው አሉ። ሃይድሮ ውኃ፣ ፎቢያ ፍርሃት። በቃ፣ ውኃ ካልፈራህ የለብህም» አለችው።

ከመርፌ የሚያስጥል ቃል ተገኝቶ ማን ይለቃል! ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እህቱ ፊት ቆሞ አንድ ጣሳ ውኃ ግጥም ያደርግና «አየሽ?» ይላታል።

ፍርሃት ግን መች እንዲህ በቀላሉ ይታለላል። ጣሳውን ባነሳ ቁጥር ልቡ ድው ድው ይል ጀመር። አንድ ጠዋት ውኃው ትን አለው። እህቱ ሳቀች፤ እሱን ግን ላብ አጠመቀው። ሥራ ላይም የውኃው ቱቦ ከእጁ እየወደቀ አስቸገረው።

መድኃኒት ቤት ያላት ደንበኛው መኪናዋን ልታሳጥብ መጥታ መንቀጥቀጡን አየች። ምን እንደሆነ ብትጠይቀው ሁሉንም ነገራት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እህትህ ትርጉሙን አልተሳሳተችም» አለችው። «ግን ስሙን ያወጡት ሰዎች መድኃኒት አልነበራቸውም። በሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆመው፣ ውኃ ሲቀርብለት ጉሮሮው ሲዘጋ አዩ፤ በሽታውን ባዩት ጠሩት። ያ መጨረሻው ነው፣ ወንድሜ። መጀመሪያ ላይ ውኃ እንደ ልብ ያስጠጣል።»

«እና እትዬ፣ እስከ ዛሬ የጠጣሁት?»

«ገና አልጀመረህም ማለት ነው እንጂ የለብህም ማለት አይደለም። ከጀመረህ ደግሞ መርፌም አያስጥልህም። በል ግባ!»

መኪናዋ አረፋዋን እንደለበሰች ወደ ጤና ጣቢያው በረረች።

ነርሱ ክንዱን ሲወጋው ዓሣው መርፌውን ዞር ብሎም አላየ። ዓይኑ ጥግ ላይ ካለው የውኃ ጀሪካን አልነቀል ብሎ ነበር። ተደውሎላት የመጣችው እህቱ እያለከለከች ገባች።

«እኔው በገዛ አፌ ልገድልህ!» ብላ አለቀሰች።

«ቀሪዎቹን መርፌዎች እንዳታቋርጥ» አለ ነርሱ። «በጊዜ ከተጀመረ ያድናል።»

«በጊዜ ደርሻለሁ?»

ነርሱ ወደ ጀሪካኑ ዞረ። «ገርጥተሃል፣ ትንሽ ጠጣ» ብሎ ውኃ ቀዳለት።

ዓሣው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። እህቱ ልቅሶዋን አቁማ ጉሮሮውን አተኩራ ታይ ጀመር። ጠጣው። «አየሽ?» ግን አላላትም።