እትዬ ዘነበች ያልተቀመጡበት አግዳሚ

ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ ለዓይኔ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ደብረ ብርሃን አውቶቡስ መሳፈሪያው ጋ ቆሜ ነበር። ሌሊቱን የጣለው ውርጭ ሣሩን አመድ አስመስሎታል። መሳፈሪያው ላይ አዳዲስ የብረት አግዳሚ ወንበሮች ተተክለዋል። ሠዓሊዎች ተወዳድረው የሠሯቸው መሆኑ በራዲዮ ሲወራ ሰንብቷል። ያምራሉ፤ አልዋሽም። አንደኛው የበግ ቅርጽ አለው፣ ሌላው ከላይ እስከ ታች በሐረግ ተጠልፏል። ችግሩ ማንም አልተቀመጠባቸውም። ሰዉ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ፊት ለፊታቸው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተደርድሯል።

ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት አጠገብ ሄጄ ለምን እንደማትቀመጥ ጠየቅኋት። "እስቲ ይንኩት፣ አባባ" አለችኝ። ነካሁትና እጄን ቶሎ ሰበሰብኩ። በደብረ ብርሃን የጥር ማለዳ ሰውን ብረት ላይ ተቀመጥ ማለት መቅጣት ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ትምህርት አያስፈልግም፤ አንድ ማለዳ እዚህ መቆም ይበቃ ነበር።

ከሕክምናው ተመልሼ ራዲዮ ስከፍት የአግዳሚዎቹ ሥራ አስተባባሪ የሆነ ወጣት እየተናገረ ደረስኩ። ጥበብን ከሕዝቡ ጋር አገናኝተናል አለ። ሰዎች ለምን አይቀመጡባቸውም ተብሎ ሲጠየቅ ድምፁን አለሰለሰና "ማኅበረሰባችን አግዳሚ ላይ የመቀመጥ ባህል ገና አላዳበረም" አለ። ራዲዮኑን ዘጋሁት። ዘግቼውም ንዴቴ አልበረደልኝም። ይችን ንግግር በወጣትነቴ፣ እዚችው ከተማ ውስጥ፣ ሌላ ካፖርት ከለበሰ ሰው አፍ ሰምቻታለሁ።

ያኔ አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬ የተመለስኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ትውልዴ አንኮበር ነው። አባቴ ቤተ ክርስቲያን የሚሥሉ መሪጌታ ስለነበሩ ቀለም ስበጠብጥና እንጨት ስፈለፍል ነው ያደግሁት። ደብረ ብርሃን ከአረቄ ቤቶቹ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ለሱቆች ማስታወቂያ እየጻፍኩ፣ ለሙሽሮች የልብስ ሣጥን እያስጌጥኩ እኖር ነበር። እናቴ በሕፃንነቴ ስላረፈች ያሳደጉኝ ታላቅ እኅቷ እትዬ ዘነበች ናቸው።

እትዬ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ከተጎዳ ወዲህ በየጊዜው አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ይመላለሱ ነበር። ከአንኮበር በጭነት መኪና ከገብስ ጆንያና ከበግ ጋር ተጭነው ይመጡና እኔ ዘንድ ያድራሉ። ያ መንገድ ጤነኛውንም ሰው አጥንቱን ለያይቶ የሚያወርድ ነው። እሳቸው ግን ደርሰው አቧራቸውን ሳያራግፉ በፊት ከነጠላቸው ሥር ጭኮ ያወጣሉ። የእሳቸው ጭኮ ቅቤው አፍ ላይ ሲቀልጥ የገብሱ ቆሎ ሽታ ወደ ኋላ ይመጣል፤ እንደዚያ ያለ ጭኮ ዛሬ የሚሠራልኝ ሰው የለም።

ጭንቁ የሚመጣው በማግስቱ ነው። አውቶቡሱ ከጣርማ በር ወዲያ ስለሚመጣ፣ እዚያ ደግሞ ጉሙ መንገዱ የሚያልፍበትን ዋሻ ከዘጋ ሾፌሩ መንገዱ እስኪታየው ስለሚቆም፣ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ አልነበረም። በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቶ መጠበቅ ግዴታ ነው። ሌላው መንገደኛ ድንጋይ ፈልጎ ይቀመጣል። እትዬ ዝቅ ብለው ከተቀመጡ ለመነሣት ሁለት ጠንካራ ሰው ይፈልጋሉ፤ ያንን ደግሞ ያፍሩበታል። ስለዚህ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ከንፈራቸው በብርድ ጠቁሮ፣ ፀሐይ እስክትሞቅ ይቆማሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

አንድ ኅዳር ታላቅ እንግዳ ወደ ደሴ ሲያልፍ ከተማችን ላይ ይቆማል ተባለና የአቀባበል ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው አለቃ አንድ ቀኛዝማች ነበሩ። መንገዱን የሚያሳምር ነገር ሲፈለግ፣ መሳፈሪያው ላይ የቆርቆሮ መጠለያ ተሠርቶ በሥሩ በሠዓሊ እጅ የተጌጡ አግዳሚዎች እንዲቀመጡ ተወሰነ። እኔ ተጠራሁ። ከግቢያቸው ስወጣ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። የታየኝ እንግዳው አልነበረም፤ እትዬ ዘነበች ተቀምጠው ነው የታዩኝ።

በመጡ ጊዜ ከተረከዛቸው እስከ ጉልበታቸው በክር ለካሁ። "ምነው፣ ቦት ጫማ ልታሰፋልኝ ነው?" ብለው ሳቁ። በንድፌ ላይ የወንበሩን ቁመት ከክሩ ትንሽ ከፍ አደረግሁት፤ ዳሌው የታመመ ሰው ሳይንደረደር እንዲነሣ። እግሩን ከወይራ፣ መቀመጫውንና መደገፊያውን ከጥድ ልሠራው አሰብኩ። መደገፊያው የጣርማ በር ነፋስ ወገብ እንዳይመታ ረጅም ነው። በላዩ የገብስ ዛላ ሣልኩ። የእኛ አገር እህል ነውና ያየው ሁሉ የእኔ ነው እንዲል ፈልጌ ነበር።

ቀኛዝማች ንድፉን አይተው እርሳሴን ተቀበሉኝና ገብሱን ሰረዙት። ገብስ ማንም ማሳው ላይ ያየዋል አሉኝ። የአንኮበር ሰው አይደለህም ወይ፣ መስቀል አድርግበት፣ እንግዳችን ክርስቲያን አገር መግባቱን ይወቅ አሉ። ኮሚቴው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ከገብሴ መለየቱ ቢያስከፋኝም መስቀል መፈልፈል የአባቴ ቤት ሥራ ነውና መሮዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። በየመደገፊያው ላይ አንድ አንድ ትልቅ መስቀል፣ ዙሪያውን በሐረግ። እንጨቱን የጠረበው አናጢ፣ ያዘዙት ሹማምንት፣ የሚመርቁት ቄስ፣ እኔም ራሴ፣ ምን እየሠራን እንደሆነ ልብ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ሥራው አልቆ መጠለያው ሥር ሲቆም ጥዱ መንገዱን ሁሉ አሸተተው። ቄሱ ጠበል ረጭተው ባረኩት። በማግስቱ እትዬ የሚሄዱበት ቀን ነበርና ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። ብዙ መንገደኛ ቀድሞናል። ከመካከላቸው የተቀመጠ የለም።

እትዬ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡና ወደ አግዳሚው ቀረቡ። መስቀሉን በግራም በቀኝም ሳሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት። ከዚያ ወደ ኋላ እያሉ ወጡና ከዘራቸውን ተቀብለው እንደ ወትሮው ቆሙ። ፊታቸውን ወደ ወንበሩ አዙረዋል። ሰዉ ሁሉ እንደዚያው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን እንኳ ስንወጣ ጀርባችንን ሳንሰጥ ወደ ኋላ እየሄድን የምንወጣ ሰዎች ነን። የገዛ አክስቴን ጉልበት ለክቼ የሠራሁት ወንበር ፊት ለፊቴ ባዶውን ተቀምጧል።

"እትዬ፣ ለእርስዎ እኮ ነው የሠራሁት፤ ይቀመጡ" አልኳቸው።

"አይቼዋለሁ ልጄ፤ እጅህ ይባረክ" አሉኝ። "ጀርባዬን ለመስቀል ሰጥቼ ግን በምን አፌ ማረኝ እላለሁ?"

ከአልዩ አምባ በርበሬ የሚያመጡ አቶ ይማም የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፤ ጆንያቸው አጠገብ ቆመዋል። ቢያንስ እሳቸው እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ወላሂ አይሆንም" አሉ። "እኚህ እናት የሳሙትን እኔ ልደገፈው? ጎረቤት አይደለን እንዴ?"

መሳቅም፣ ማልቀስም አማረኝ። ግን መፍትሔ ያለው ነገር ነበር። የተባረከ መስቀል በመላጊያ አይፋቅም፤ መደገፊያዎቹን ነቅሎ ከሰው ራስ በላይ፣ ከመጠለያው ክዳን ሥር ማንጠልጠል ግን ይቻላል። ሰዉ ቀና ብሎ ይሳለመዋል፣ በሥሩም ገብስ የተሣለበት ሌላ መደገፊያ ተደግፎ ይቀመጣል። የባረኩት ቄስ ሐሳቤን ሰምተው እፎይ አሉ፤ ነገሩ እሳቸውንም እንቅልፍ ነሥቷቸው ኖሯል። አናጢውም የግማሽ ቀን ሥራ ነው አለ። እትዬንም ሲመለሱ ነገርኳቸውና ደስ አላቸው።

ቀኛዝማች ግን እንግዳው ሳያልፍ አንድ ሚስማር እንዳይነቀል አሉ። እሺ አልኩ። እንግዳው የመጣ ዕለት ተማሪዎች በሰልፍ፣ ካህናት በጥንግ ድርብ፣ እኛም በንጹሕ ልብሳችን ጠበቅን። መኪናዎቹ መስኮታቸውን እንደዘጉ አልፈው ሄዱ። አቧራው እላያችን ላይ ወርዶ ቀረ። አንዱን አግዳሚ እንኳ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። አለፈም አላለፈም ግድ አልሰጠኝም፤ በማግስቱ ከአናጢው ጋር ሥራ እንጀምራለን።

በማግስቱ መሮዬን ይዤ ስሄድ መጠለያው ባዶ ነው። አራቱም አግዳሚዎች የሉም። የቆሙበት ቦታ ላይ የወይራው እግር የተተከለበት ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ሌሊቱን በጭነት መኪና ወደ ቀኛዝማች ግቢ እንደተወሰዱ አንድ ጫኝ ነገረኝ። ደሜ ፈላ። መሮዬን እንደያዝኩ ወደዚያው ሄድኩ።

ቀኛዝማች እልፍኝ ስገባ ግብር ላይ ነበሩ። ሽንጡ ተሰቅሏል፣ ጠጁ ይዞራል። እነዚያ ክርስቲያን አገር መሆኑን እንግዳው ይወቅ ሲባል ራሳቸውን የነቀነቁት የኮሚቴ አባላት በአግዳሚዎቼ ላይ ተንፈላሰዋል። ጀርባቸውን ለጥጠው የተደገፉት መስቀሎቹን ነው። አንዱማ ቅቤ የነካ እጁን በሐረጉ ይጠርጋል። እትዬ ዘነበች በታመመ ዳሌያቸው ቆመው ያከበሩትን እነዚህ በጥጋብ ይፈትጉታል።

ለምን እንደተነሡ ጠየቅሁ። ቀኛዝማች አልተቆጡም፤ እንዲያውም ፈገግ አሉ። "አየኸው አይደል? ባላገሩ ወንበር ላይ መቀመጥ አያውቅም። ሥራህ ዝናብ ከሚመታው እዚህ ቢከበር አይሻልም?"

"መቀመጥስ ያውቃሉ" አልኩ። "የማያውቁት ጀርባቸውን ለመስቀል መስጠት ነው። እሱን የሚያውቅ ሰው እዚህ ነው ያየሁት።"

አንዱ ሹም መደገፊያውን ለቆ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ያችን አልረሳትም። ከዚያ ዘበኛው አንገቴን ይዞ አወጣኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በደብረ ብርሃን ማስታወቂያ የሚያጽፈኝ ሱቅ ጠፋ። ደነባ ሄጄ ልጆች ሥዕል ሳስተምር ብዙ ዓመት ቆየሁ፤ በዚያስ አልጸጸትም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ደነባ ከመሄዴ በፊት እትዬ ለሕክምናቸው መጡ። በማለዳው ስንወጣ ባዶውን መጠለያ አዩና ዘወር ብለው ተመለከቱኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። ሲቆጡ አይቻቸው የማላውቅ ሴት ከዘራቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መቱት።

"እኔ እኮ እስኪያስተካክሉልን ነበር የምጠብቀው" አሉ። "አልፈልግም ያልኩ መሰላቸው?"

አውቶቡሱ ያን ቀን ዘገየ፤ ጣርማ በር ጉም ነበር። እንደቆሙ ጠበቁት። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንኮበር ላይ አረፉ፤ ሕመማቸው ሲብስ የኖረው በዚያ አቋቋም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሐኪም አልጠየቅሁም፣ መጠየቅም አልፈለግሁም።

እንግዲህ ራዲዮኑን በዘጋሁ ማግስት ያን አስተባባሪ ወጣት ቢሮው ድረስ ሄጄ አገኘሁት። ጨዋ ልጅ ነው። ተነሥቶ ተቀበለኝ፣ ስፖንጅ ያለው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። ሠዓሊ መሆኔን ሲሰማ ደስ ብሎት የአግዳሚዎቹን ፎቶግራፍ በስልኩ አሳየኝ። ሁሉም ፎቶግራፍ ላይ ፀሐይ አለ። የእትዬን ታሪክ ነገርኩት፣ በጥሞናም አዳመጠኝ። ስጨርስ ግን በጣም ደስ የሚል ትዝታ ነው አለኝ።

ደስ የሚል! ትዝታ ልነግርህ አልመጣሁም አልኩት። ብረቱ ላይ እንጨት ይደረግበት፤ ያ ካልሆነ ደግሞ ነገ ማለዳ መሳፈሪያው ጋ እንገናኝና አንተም እኔም እንቀመጥበት። ቅር ሳይለው ተስማማ።

"በስንት ሰዓት ይሁን፣ ጋሼ?" አለኝ።

"በአሥራ ሁለት።"

ስልኩን ገልጦ ነካካና "ሦስት ሰዓት ላይ ቢሆን ይመቸኛል" አለ።

በሦስት ሰዓት ፀሐይዋ ብረቱን አሙቃዋለች። በሦስት ሰዓትማ አገር ምድሩ መቀመጥ ያውቃል። እኔ በአሥራ ሁለት እዚያ ነኝ ብዬው ወጣሁ። እትዬ ዘነበች የሚቆሙት በአሥራ ሁለት ነበር።